ለሙታንም የጠበበች ከተማ፦ የሀልሽታት ጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ

ኦስትሪያ ውስጥ፣ ሀልሽታት የሚል ሰሌዳ በተሰቀለበት ጣቢያ ከባቡር ስወርድ ከተማዋ አልነበረችም። ከኋላዬ በደን የተሸፈነ ገደል፣ ከፊቴ ጥቁር ለመሆን ጥቂት የቀረው ሐይቅ፣ ከሐይቁ ማዶ ደግሞ ቤት በቤት ላይ ተደራርቦ ከተራራው ግርጌ የተለጠፈ የሚመስል አንድ ቀጭን መስመር ይታያል። ከቪየና ተነሥቼ፣ አትናንግ ፑህሃይም በተባለው ጣቢያ ባቡር ቀይሬ፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ተጉዤ የደረስኩት ከከተማዋ ትይዩ እንጂ ከከተማዋ አልነበረም። በ1877 የተከፈተው የባቡር ሐዲድ የሐይቁን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ ያልፋል (በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከተማዋ ግን በምዕራቡ ዳርቻ ስለሆነች መንገደኛው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ የቀረችውን መንገድ በጀልባ ይሻገራል። ጀልባዋ ባቡሩን ጠብቃ ትነሣለች። ስሟ ሽቴፋኒ ይባላል።

በመሻገሪያዋ ላይ ሳለሁ የቦታው አቀማመጥ ከየትኛውም ካርታ ይልቅ ግልጽ ሆነልኝ። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 508 ሜትር ላይ የተኛ ሲሆን በጣም ጥልቅ በሆነበት ስፍራ 125 ሜትር ይወርዳል። በስተ ደቡብ 2,995 ሜትር ከፍታ ያለው የዳህሽታይን ተራራ ይቆማል፤ እኔ በደረስኩበት በጥቅምት መጀመሪያም ጫፉ ነጭ ነበር። ትራውን የተባለው ወንዝ ሐይቁን መግቦ በስተ ሰሜን ይወጣና መጨረሻው ዳኑብ ይሆናል። በዚህ ሁሉ መካከል ለሰው የተረፈችው መሬት፣ ተራራው ውሃውን ሊነካ ሲል ጥቂት የዘገየባት ጠርዝ ብቻ ናት። ዛሬ 750 የሚያህሉ ነዋሪዎች ያሏት ከተማ የተሠራችው በዚያች ጠርዝ ላይ ነው።

ያረፍኩበት የእንግዳ ቤት በር ከመንገዱ በኩል ያለ መስሎኝ ሁለት ጊዜ አልፌው ሄድኩ። ባለቤቲቱ፣ ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ የሚመስሉ ሴት፣ ከላይ ሆነው ጠሩኝና በድንጋይ ደረጃ ወጥቼ ወደ ቤቱ የገባሁት በሦስተኛው ፎቅ በኩል ሆነ። ቤቱ በአቀበት ላይ ስለተሠራ የሐይቁ በር ምድር ቤት፣ የተራራው በር ደግሞ ጣሪያ ሥር ነው። ሦስት ሌሊት እንደማድር ስነግራቸው መዝገቡን ከፍተው እንደገና አዩ። «አብዛኛው ሰው የሚቆየው ሁለት ሰዓት ነው፤ እርስዎ ምን ሊሠሩ መጡ?» አሉኝ። ስለ ጨው ማወቅ እንደምፈልግ ነገርኳቸው። «እንግዲያስ ነገ ሐይቁን አይዩ፣ ሽቅብ ይውጡ» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ማታ ከእራት በኋላ እሳቸው እንደ ቀላል ነገር ያነሡት አንድ ወሬ እንቅልፍ ነሳኝ። በዳርቻው ጋሪ የሚያሳልፍ መንገድ በዐለት ፍንዳታ የተከፈተው በ1890 ነው። ከዚያ በፊት ወደ ከተማዋ የሚገባው በጀልባ ወይም በጠባብ የእግር ዱካ ነበር፤ በከተማዋ ውስጥ እንኳ ከቤት ወደ ቤት ለመሄድ ወይ ጀልባ መቅዘፍ፣ ወይ በቤቶቹ ጣሪያ ሥር በሚያልፈው የላይኛው መተላለፊያ መሄድ ግድ ይል ነበር። የጎረቤት ቆጥ መንገድ በሆነበት ሰፈር ሐሜት እንዴት እንደሚፈጥን እያሰብኩ ተኛሁ።

ዓርብ

እግረ ጠንካራ ሰው አቀበቱን በእግሩ ይወጣዋል፤ እኔ ግን ስንፍናዬን ሳልደብቅ ላን ከሚባለው ሰፈር በገመድ የሚጎተተውን የተራራ ባቡር ተሳፈርኩ። ከላይ ሲደርሱ በቅድሚያ የሚታየው የሩዶልፍ ግንብ ነው። ኦስትሪያን ይገዛ ከነበረው ከሀብስበርግ ሥርወ መንግሥት የሆነው መስፍን አልብሬሽት በ1284 የጨው ማውጫውን ለመጠበቅ አሠርቶ በአባቱ ስም የሰየመው ነው። ግንብ የተሠራለት ቤተ መንግሥት ወይም ቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ጨው መሆኑን ልብ ይሏል። ከከተማዋ ስም የመጀመሪያው ክፍል፣ «ሀል» የሚለው፣ በእነ ሀላይንና በእነ ባድ ራይሽንሀል ስም ውስጥም የሚገኝ ሲሆን ሁሉም የጨው ከተሞች ናቸው።

ጨው ተራራ ላይ ምን ይሠራል? የዛሬ 250 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እዚህ ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር፤ ውሃው በፀሐይ እየተነነ ጨውን ተወ፤ ብዙ ዘመን ቆይቶም የአፍሪካ ምድር ወደ ሰሜን እየገፋ የአልፕስን ተራሮች ሲያስነሣ ጨውም ከሸክላና ከጂፕሰም ጋር ተቦክቶ አብሮ ተነሣ። ስለዚህ በጨው ማውጫው ውስጥ የሚታየው ግድግዳ እንደጠበቅሁት ነጭ አይደለም፤ ቀይ፣ ግራጫና ቡናማ የተዘነቀበት፣ በባትሪ ብርሃን ሲያዩት ሥጋ የሚመስል ዐለት ነው። ጣቴን አስነክቼ ቀመስኩት። ጨው ነው።

ይህን ስቀምስ አያቴ ደሴ ከሣጥኗ ሥር ያኖረቻት አንዲት አሞሌ ትዝ አለችኝ። የኛ ጨው ጠራቢዎች በአፋር ረባዳ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከሜዳው ላይ እየፈነቀሉ ጠርበው በግመል ያጭናሉ፤ የዚህ አገር ሰዎች ግን ያንኑ ጨው ፍለጋ የተራራ ሆድ ውስጥ ገቡ። በጉድጓዱ ውስጥ ሙቀቱ ክረምት ከበጋ 8 ዲግሪ ገደማ ነው። ጥንታውያኑ ሠራተኞች የሚያበሩት የጥድ ስንጣሪ ነበር፤ የተቃጠሉት እንጨቶች በሺዎች ሆነው እስከ ዛሬ በዐለቱ ውስጥ ተጋግረው ይገኛሉ።

ጨው የነካውን ሁሉ አያበሰብስም፤ የዚህ ስፍራ ታሪክ የቆመው በዚሁ ነው። ከአጋዘን ቀንድ የተሠራው መቆፈሪያ 7,000 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። ከቆዳ የተሰፋ የጨው መሸከሚያ ከነፀጉሩ ተገኝቷል። የሱፍ ጨርቅ ከነቀለሙ ተገኝቷል። በ2003 ደግሞ 3,000 ዓመት ያለፈው የእንጨት ደረጃ ተገኘ፤ አሁን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ በመስታወት ተከልሎ ይታያል። አጠገቡ ረጅም ጊዜ ቆምኩ። መርገጫዎቹ በሁለቱ ወፋፍራም ግንዶች ውስጥ በተፈለፈለው ቦይ ገብተው የተያዙ ሲሆን፣ ግንዶቹ ምንም ያህል ቢጋደሙ መርገጫውን አዙሮ ማስተካከል እንዲቻል ተደርገው ተሠርተዋል፤ ክፍሎቹ ተነቅለው በሌላ ጉድጓድ ሊገጠሙም ይችላሉ። የመርገጫዎቹ መካከል ተልጓል። ሸክም ያለው ሰው የሚረግጠው መካከሉን ነው።

የምግባቸው ነገር ደግሞ አስቆኛል። ሠራተኞቹ ገብስና ባቄላ አንድ ላይ ቀቅለው ይበሉ እንደነበር ከተረፈው ታውቋል፤ ጨው ያቆየው የሰው ዐይነ ምድር በተመረመረበትና በ2021 በታተመው ጥናት መሠረት ደግሞ ሻጋታ ያለው አይብ ይበሉና ቢራ ይጠጡ ነበር። አስጐብኚያችን ይህን ሲናገር ከኋላዬ የነበሩ ጎረምሶች አጨበጨቡ።

አሁን የጨው አወጣጡ ሌላ ነው። ዐለቱን በመቆፈር ፈንታ ውሃ ያስገቡበታል፤ ውሃው በሊትር 300 ግራም ያህል ጨው ይዞ ሲወጣ በቧንቧ ቁልቁል ይላካል። በጥንቱ ሠራተኞች ተንሸራታች እንጨት፣ 64 ሜትር በሚረዝመው፣ እኛም በተራ ወረድን። መጨረሻው ላይ ሳያስጠነቅቁ ፎቶግራፍ ያነሣሉ። የኔን አልገዛሁትም።

ከጉድጓዱ ወጥቼ በሸለቆው ሜዳ ላይ ተቀመጥኩ። ሜዳው መቃብር ነው። የማዕድኑ ኃላፊ የነበረው ዮሃን ጌኦርግ ራምዛወር በ1846 ለመንገድ የሚሆን ጠጠር ሲያስቆፍር መቃብር አገኘ፤ እስከ 1863 ድረስም 980 መቃብሮች ከፍቶ 20,000 ያህል ዕቃ አወጣ። ራምዛወር የታሪክ ሊቅ አልነበረም፤ ቢሆንም በዚያ ዘመን ወርቁን ብቻ ለቅሞ መሄድ በተለመደበት ጊዜ ይህ የማዕድን ሰው እያንዳንዱን መቃብር ቁጥር እየሰጠ አጥንቱና ዕቃው በተገኘበት አኳኋን እንዲሣል አደረገ። በ1856 ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍና እቴጌ ኤልሳቤጥ መጥተው አንድ መቃብር በፊታቸው ተከፈተ። ከምሥራቅ ፈረንሳይ እስከ ምዕራብ ሃንጋሪ በተዘረጋው ምድር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 450 ገደማ የነበረው የብረት ዘመን ሥልጣኔ ዛሬ በመላው ዓለም የሚጠራው በዚህች 750 ሰው በሚኖርባት መንደር ስም ነው። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚባለው እዚህ ሠርቷል፤ በነዚያ መቃብሮች ከሩቅ አገር የመጣ ጌጥ የሞላው የጨው ገበያ ነው።

ያ ሀብት በተራራው ፈቃድ የቆመ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው ምዕተ ዓመት ትልቅ የጭቃ ናዳ ሸለቆውን ሞልቶ ማውጫዎቹን ቀበረ።

ቅዳሜ

ዛሬ ከተማዋን በእግሬ ዞርኳት፤ ይህም ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚፈጅ አይደለም። የገበያ ከተማነት መብቷን ያገኘችው በ1311 ከንግሥት ኤልሳቤጥ፣ ከአልብሬሽት ባልቴት ነው። አሁን የሚያምሩት ቤቶች ግን ከ1750 በኋላ የተሠሩ ናቸው፤ በዚያ ዓመት በመስከረም የተነሣ እሳት 35 ቤቶችን በልቷል። ቤት ከቤት በተጣበቀበትና አብዛኛው በእንጨት በተሠራበት ስፍራ እሳት ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ከአደባባዩ ጥግ ባለው ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የፒር ዛፍ አየሁ፤ ለቅርንጫፎቹ መዘርጊያ ስለሌለ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ አድጓል። በዚህ አገር ዛፉም ቦታ ይቆጥባል።

ሁለት የቤተ ክርስቲያን ማማዎች አሉ። በፖስት ካርዱ ላይ የሚወጣው ቀጭኑ፣ ከውሃው አጠገብ ያለው፣ የፕሮቴስታንቶቹ ነው፤ ዳገቱ ላይ ያለው ወፍራሙ የካቶሊኮቹ ነው። የመጀመሪያው በ1863 የተሠራው በከንቱ አልዘገየም። በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት ከጨው ሠራተኞቹ ብዙዎቹ የሉተርን ትምህርት ተቀብለው ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ግን ጨው የሚያወጣለት ሕዝብ በራሱ ሃይማኖት እንዲጸና ይፈልግ ስለነበር በ1734 አሻፈረኝ ያሉትን ከነቤተሰባቸው ወደ ትራንሲልቫንያ አጋዛቸው። በይፋ ማምለክ የተፈቀደላቸው ከ1781 አዋጅ በኋላ ነው።

በዚያው በ1734 በጨው ማውጫው ውስጥ ሌላ ነገር ተከሰተ። ናዳ ቀብሮት የኖረ፣ ጨው ያቆየው የጥንት ሠራተኛ ሬሳ ወጣ። የከተማው ሰዎች ክርስቲያን መሆኑን የሚመሰክርለት ስላጡ፣ ለምእመናን በማይፈቀደው የመቃብር ጥግ ቀበሩት። ሕያዋኑን በሃይማኖታቸው ባስወጡበት ዓመት ሺህ ዓመታት አስቀድሞ የሞተውንም በሃይማኖቱ መረመሩት። ስለዚህ ሰው ከትናንት ጀምሮ ማሰብ አልተውኩም፤ ዛሬ ቢገኝ በመስታወት ሣጥን ሆኖ ዓለም ይሰለፍለት ነበር።

የካቶሊኮቹ ቤተ ክርስቲያን በውስጡ በሌዎንሃርድ አስትል በአሥራ ስድስተኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ የተቀረጸ ባለ ክንፍ መሠዊያ አለው፤ ለእሱ ብቻ ቢመጡም አያስቆጭም። እኔ ግን ቸኩዬ ወደ ጓሮው፣ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ወረድኩ። እዚያ 1,200 ያህል የራስ ቅሎች በመደርደሪያ ላይ ተደርድረዋል፤ 610 የሚሆኑት በቀለም ያጌጡ ናቸው።

ነገሩ የመጣው ከጥበት ነው። የመቃብሩ ስፍራ በገደልና በቤተ ክርስቲያን መካከል የተጨነቀች እርከን ስለሆነች መስፋት አትችልም፤ ስለዚህ የተቀበረው ሰው አሥር ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ በኋላ ዐፅሙ ይወጣና ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የራስ ቅሉ ታጥቦ፣ ነጭ እስኪሆን ድረስ ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ከርሞ፣ ቤተሰቡ ከፈለገ ስሙና የሞተበት ዕለት ይጻፍበታል፤ የአበባ ጉንጉንም ይሣልበታል። ጽጌረዳ የፍቅር፣ ሎረል የድል፣ አይቪ የሕይወት ምልክት ነው አሉኝ። ቀለም መቀባቱ የተጀመረው በ1720 ገደማ ነው። አብዛኞቹ በቤተሰብ በቤተሰባቸው ስለተቀመጡ አባት ከልጅ፣ ባል ከሚስት ጎን ለጎን ናቸው። በመስቀሉ አጠገብ ያለችው የመጨረሻዋ ናት፤ በ1983 ያረፈች ሴት ስትሆን በኑዛዜዋ መሠረት በ1995 እዚህ ተቀምጣለች፤ የወርቅ ጥርሷ ይታያል። ቤተ ክርስቲያኒቱ አስከሬን ማቃጠልን ከፈቀደች ወዲህ ለአመድ ዕቃ የሚበቃ ቦታ ስለተገኘ ልማዱ ደብዝዟል።

እንደ አገሬ ሰው የሙት ዐፅም ባደባባይ ማየት ይዘገንነኛል ብዬ ነበር። ሆኖም ፍልሰተ ዐፅም የሚከበርበት አገር ልጅ ነኝና፣ የሰውን አጥንት በክብር ማንሣትና በስሙ ማኖር ምን ማለት እንደሆነ ለእኔ እንግዳ አይደለም። የዘገነነኝ ከአጠገቤ በሳቅ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሰው ነው።

ከጸሎት ቤቱ ስወጣ የቱሪስት አውቶቡሶቹ ገብተው ነበር። በወቅቱ ሲሞላ በአንድ ቀን 10,000 ጎብኝ ይመጣል፤ ለአንድ ነዋሪ ከአሥራ ሦስት ሰው በላይ ማለት ነው። ከ2020 ጀምሮ አውቶቡሶች ሰዓት አስይዘው እንዲገቡ ተደርጓል። በ2023 የከተማው አስተዳደር ሰዎች ፎቶ የሚነሡበትን ዋና ስፍራ በእንጨት አጥር ከለለ፤ ተቃውሞ ሲበዛ አነሣው። በ2012 ደግሞ አንድ የቻይና ኩባንያ በጓንግዶንግ አውራጃ የዚህችን ከተማ አምሳያ ከነአደባባይዋና ከነማማዋ ሠርቶ ከፈተ። ባለቤቲቱን ማታ ስለዚህ ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ፤ «ተራራውን ግን አልወሰዱም» አሉ።

እሑድ

ዝናብ። ጫማዬ ከትናንት ጀምሮ አልደረቀም፤ ሆኖም የጨው ውሃ መንገድ የሚሉትን የእግር ዱካ ሳልይዝ አልመለስም ብዬ ወጣሁ።

መንገዱ የሚከተለው ቧንቧን ነው። ጨዋማውን ውሃ አፍልቶ ጨው ለማድረግ ብዙ ማገዶ ያስፈልግ ስለነበር በአካባቢው ያለው ደን እየተመናመነ ሄደ። ታዲያ ማገዶውን ወደ ጨው ከማምጣት ጨውን ወደ ማገዶው መውሰድ ይቀላል ተባለና፣ ከ1595 እስከ 1607 ድረስ ከሀልሽታት እስከ ኤበንዜ 40 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መስመር ተዘረጋ። ብረት አልነበረም። 13,000 ግንድ መካከላቸው ተፈልፍሎ፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው እየገባ ተቀጣጠሉ፤ ውሃው ቀስ እያለ እንዲወርድም መስመሩ በተራራው ጎን ላይ በጥቂት ዝቅታ እንዲሄድ ተደረገ። በዓለም ከሚታወቁት የኢንዱስትሪ ቧንቧዎች ሁሉ ቀዳሚው ይባላል። ቧንቧው ዛሬ የእንጨት አይደለም፤ የጨው ውሃው ግን አሁንም ወደ ኤበንዜ ይወርዳል፤ ጨዉ የሚጠነክረው እዚያ ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል ሄጄ የጎዛው ወንዝ ሸለቆ ላይ ደረስኩ። መስመሩ ሸለቆውን የሚሻገርበት ድልድይ በ1757 የተሠራ ሲሆን 43 ሜትር ከፍታ አለው። ከሥሩ ሆኜ ወደ ላይ ሳይ ዝናቡ ዐይኔ ውስጥ ገባ፤ ከላይ የሚያልፈው ሰው አይደለም፣ ጋሪም አይደለም፣ የጨው ውሃ ብቻ ነው። ሰው በጣሪያ ሥር እየተሹለከለከ ወደ ጎረቤቱ በሚሄድበት ዘመን ለጨው ድልድይ ተሠርቶለት ነበር። ይህን ካየሁ በኋላ ስለ ከተማዋ የነበረኝ አስተያየት ተለወጠ፤ ሀልሽታት መንገድ ያጣችው መንገድ መሥራት የሚችል ጠፍቶ አልነበረም፤ ወጪ የወጣው ለሚያተርፈው ነገር ነው። ጨው የቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ንብረት ነበር፤ የአውራጃው ስም፣ ዛልትስካመርጉት፣ ራሱ «የጨው ግምጃ ቤት ርስት» እንደማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሻንጣዬን ያዝኩ። ባለቤቲቱ በቆርቆሮ ዕቃ ትንሽ ጨው ሰጥተውኝ ጀልባው ድረስ መሄድ እንደማይችሉ፣ ጉልበታቸው ደረጃውን እንደማይወድ ነገሩኝ። ጀልባዋ ስትርቅ ከተማዋ እንደገና ቀጭን መስመር ሆነች።

ሰኞ፣ ቪየና

ራምዛወር ያወጣው ዕቃ ብዙው የሚገኘው እዚህ በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ስለሆነ ጉዞው ያለዚህ ቀን ሙሉ አይሆንም ብዬ የዕረፍት ቀኔን አንድ አስረዘምኩ። የነሐስ ባልዲዎች፣ የእጅ አምባሮች፣ ልብስ መያዣዎች በየመስታወቱ ሥር ናቸው። ዐይኔን የያዘው ግን አንድ የብረት ሰይፍ ነው። እጀታው ጫፍ ላይ ያለው እንቡጥ ከዝሆን ጥርስ ተሠርቶ በአምበር፣ ከጥንት ዛፍ ሙጫ በሚገኘው ጌጥ፣ ተለብጧል፤ አምበሩ እንደ ጥልፍ ሽቅብ ቁልቁል እያለ ይዞረዋል። አምበሩ የመጣው ከባልቲክ ባሕር ነው። የዝሆን ጥርሱ ከአፍሪካ ነው።

በ1890 መንገድ ያገኘችው ከተማ ከ2,500 ዓመት በፊት ይህን ሰይፍ ያነገተ ሰው ነበራት። ከባሕር ማዶ የመጣው ጥርስ በየትኛውም በኩል ቢያልፍ፣ የመጨረሻዋን መንገድ እንደ እኔው በዚያ ጥቁር ሐይቅ ላይ ወይም በዚያ ጠባብ ዱካ ሳይደርስባት አልቀረም፤ በአጸፋው የወረደው ደግሞ በቆዳ መሸከሚያ የተሞላ ጨው ነበር።